«እኛ» ሲባል እነማን ናቸው?

በዜና አጻጻፍ ላይ ከሚነሡት ክርክሮች ሁሉ ትንሽ መስሎ የሚታየው፣ ዳሩ ግን ብዙ መዘዝ የሚያስከትለው፣ የአንዲት ተውላጠ ስም ነገር ነው። ይህች ተውላጠ ስም «እኛ» ናት። ብቻዋን ስትቆም «እኛ»፣ ከስም ኋላ ስትለጠፍ «-አችን» ትሆናለች። «አገራችን»፣ «ሕዝባችን»፣ «ሠራዊታችን»፣ «ወገኖቻችን» የሚሉት ቃላት የዜና ጸሐፊው ብዕሩ ሳያመነታ የሚጽፋቸው፣ አንባቢውም ሳያስተውል የሚያልፋቸው ናቸው። አዲስ አበባ ተጽፈው አዲስ አበባ ሲነበቡ ጥያቄ የሚያስነሡ አይመስሉም። የካራማራን ተራራ ተሻግረው ጅግጅጋ ሲደርሱ ግን ጥያቄ ይነሣባቸዋል። ከማናቸውም ፖለቲከኛ አስቀድሞ ጥያቄውን የሚያነሣው የሶማልኛ ሰዋስው ነው።

ሶማልኛ ሁለት «እኛ» አለው። አንደኛው «ኢናጋ» ሲሆን ተናጋሪውንና አድማጩን በአንድ ማዕድ የሚያስቀምጥ ነው። ሁለተኛው «አናጋ» ሲሆን ተናጋሪውንና የተናጋሪውን ወገኖች ብቻ ይዞ አድማጩን ከደጅ የሚያቆም ነው። የባለቤትነት ቅጥያውም እንደዚሁ በሁለት ይከፈላል። «ዳልኬና» ቢባል የተናጋሪውም የአድማጩም የሆነች «አገራችን» ማለት ነው፤ «ዳልካያጋ» ቢባል ግን የተናጋሪው ወገን የሆነች፣ አድማጩ የማይካፈላት «አገራችን» ማለት ነው። ይህ ልዩነት በሰዋስው ሊቃውንት መጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚኖር ረቂቅ ነገር አይምሰል። በጅግጅጋ ገበያ፣ በቶጎ ውጫሌ ኬላ፣ በቀብሪበያህ የውሃ ጉድጓድ ዳር በየዕለቱ የሚነገር፣ ሕፃን ከእናቱ ጋር ሲነጋገር የሚማረው ነው። አንድ ባለቤት ለእንግዳው «እራት ልንበላ ነው» ቢለው፣ እንግዳው እጁን ይታጠብ ወይም ተሰናብቶ ይሂድ ከአማርኛው ቃል ብቻ አያውቅም፤ ከባለቤቱ ፊትና ከእጁ ምልክት ይረዳል እንጂ። በሶማልኛ ቃሉ ራሱ ይነግረዋል።

ከዚህ ተነሥቶ አንዱን ቋንቋ ሀብታም፣ ሌላውን ድኻ ማለት ስሕተት ነው። እያንዳንዱ ቋንቋ የሚጠነቀቅበት የራሱ ቦታ አለው። አማርኛ ፊት ለፊት ለቆመ ሰው ሲሆን «አንተ»፣ «አንቺ»፣ «አንቱ»፣ «እርስዎ» እያለ ጾታውንና ክብሩን ይለያል። ሶማልኛ ደግሞ ለወንዱም ለሴቷም «አዲጋ» ይላል። እንግሊዝኛማ አንዱንም ብዙውንም፣ ታናሹንም ታላቁንም በአንድ «ዩ» ጠቅልሎ ያልፋል። «እኛ» ላይ ሲደረስ አማርኛና እንግሊዝኛ ተመሳሳይ ናቸው፤ የእንግሊዝኛው «ዊ» ልክ እንደ አማርኛው «እኛ» በሩን ክፍት ትቶ ማን እንደ ገባ ማን እንደ ቀረ አይናገርም። ሁለቱን «እኛ» የሚለየው ሶማልኛ በዓለም ላይ ብቻውን አይደለም። የኢንዶኔዥያ ቋንቋም አድማጭን የሚጨምረውን «ኪታ» እና አድማጭን የሚያስቀረውን «ካሚ» ለያይቶ ይይዛል። ኢንዶኔዥያ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 17 ቀን 1945 ነጻነቷን ስታውጅ የአዋጁ መነሻ ቃል «ካሚ» ነበረ። አዋጁ የሚናገረው የቅኝ ገዢው ኃይል ላለበት ዓለም ነበርና አድማጩን ከባለቤትነት ማስቀረቱ የአዋጁ ዋና ፍሬ ነገር ነው። አንድ ሕዝብ ታሪኩን የለወጠበትን ቀን በተውላጠ ስም ምርጫ እንደ ጀመረ የተረዳ ሰው ጉዳዩን የፊደል ቆጣሪዎች ጨዋታ አድርጎ ሊንቀው አይችልም።

የዜናው ችግር የሚጀምረው በአማርኛ የተጻፈው ዜና ወደ ሶማልኛ መመለስ ሲኖርበት ነው። ዋናው ጽሑፍ «ሕዝባችን» ይላል፤ ተርጓሚው ግን «የማን ሕዝብ?» ሳይል አንዲት መስመር ሊራመድ አይችልም። ሁለት ቃላት ከፊቱ ተቀምጠዋል፤ ሦስተኛ መሸሸጊያ የለም። ጸሐፊው ያልወሰነውን ተርጓሚው ብቻውን፣ ሰዓት እየገፋው ይወስናል። አንዱን ቢመርጥ ጸሐፊው ያላሰበውን አንድነት ይሰብካል፤ ሌላውን ቢመርጥ ጸሐፊው ያላሰበውን መለያየት ያውጃል። አድማጩም በሚሰማው መሠረት ይፈርዳል። አዲስ አበባ ያለው ጸሐፊ ግን ስለዚህ ፍርድ አንዳች ወሬ ሳይደርሰው በማግሥቱ ሌላ «ሕዝባችን» ይጽፋል።

ለምሳሌ ያህል በአማርኛ ጽሑፍ የተለመደው «የሶማሌ ወንድሞቻችን» የሚለው ሐረግ ይታይ። ጸሐፊው በቅን ልቡና፣ በፍቅር ቃል የተናገረ ይመስለዋል። ነገር ግን ወንድሞቹ ሶማሌዎች ከሆኑ፣ «-አችን» የሚለው ባለቤት ከሶማሌዎች ሌላ የሆነ ወገን መሆን አለበት። ተርጓሚው ይህን ሐረግ ለጅግጅጋ አድማጭ ሲያቀርብ «ዋላላሄና» ቢል አድማጩን ለራሱ ወንድም ያደርገዋል፤ ሰዋስው አክብሮ «ዋላላሃያጋ» ቢል ደግሞ «እናንተ የእኛ ወንድሞች ናችሁ፤ እኛ ግን ሌሎች ነን» ማለቱ ይሆናል። በአማርኛው ውስጥ ተሸፍኖ የነበረው ነገር በሶማልኛው ገሃድ ይወጣል። «አርብቶ አደር ወገኖቻችን»፣ «በጠረፍ የሚኖሩ ሕዝቦቻችን» የሚሉትም ከዚህ የተለየ ዕጣ የላቸውም። ባለቤቱ በመሐል ተቀምጦ ዳር ያለውን ሰው በደግነት ቃል የሚጠራባቸው ሐረጎች ናቸው። የተጠራው ሰው ወዳጅ ተብሏል፤ ከባለቤቶቹ መካከል ግን አልተቆጠረም።

ጉዳቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚሄድ አይደለም። ከሶማልኛ ወደ አማርኛ ሲመለስ የሚጠፋው ምናልባት ከሚጨመረው ይበልጣል። አንድ የአውበሬ ሽማግሌ ከአዲስ አበባ ለመጣ ጋዜጠኛ ስለ ድርቅ ሲናገሩ «ዳልኬና» ቢሉ፣ በዚያች በአንዲት ቅጥያ ጋዜጠኛውን የአገሩ ባለቤት አድርገው ከጎናቸው አስቀምጠውታል፤ አገሪቱን ለብቻቸው የመያዝ ምርጫ በአፋቸው እያለ ትተውታል። ይህ በፈቃድ የተሰጠ ቃል ነው። አማርኛው ዜና «አገራችን አሉ» ብሎ ሲጽፈው፣ ቃሉ በየዕለቱ ከሚነገረው ከሌላው «አገራችን» ጋር ተቀላቅሎ ይቀራል። ሽማግሌው ያደረጉት ምርጫ ለአንባቢው አይደርስም። ስለ አንድነት በየጊዜው ብዙ ቀለም የሚያፈስስ ብዕር፣ ከጠረፍ ከተማ የመጣለትን እውነተኛ የአንድነት ቃል ሳያውቀው ይጥለዋል።

የዚህ ልማድ ጠበቆች ሦስት መከራከሪያ ያቀርባሉ። የመጀመሪያው «‹እኛ›ን ከዜና ማውጣት የአገር ፍቅርን ከዜና ማውጣት ነው» የሚለው ነው። ይህ ክርክር በሌላም አገር ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ1982 ብሪታንያ በፎክላንድ ደሴቶች ምክንያት ከአርጀንቲና ጋር ስትዋጋ፣ ቢቢሲ በዜናው ውስጥ «ወታደሮቻችን» ማለትን ትቶ «የብሪታንያ ወታደሮች» ይል ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርና የፓርቲያቸው የምክር ቤት አባላት በዚህ ተቆጥተው ነቀፌታቸውን በምክር ቤት ጭምር አሰሙ። የዜና ሰዎቹ ግን ከልማዳቸው አልወጡም። ምክንያታቸውም ግልጽ ነበር፤ ዜናውን የሚሰማው የብሪታንያ ሰው ብቻ አልነበረም፤ የሚሰማውም ሁሉ ዜናው ከማንም ወገን ሳይደርብ የሆነውን እንዲነግረው ይጠብቅ ነበር። ብሪታንያ ጦርነቱን በድል ፈጸመች። ዜናው «ወታደሮቻችን» ባለማለቱ ከድሉ የጎደለ ነገር አልነበረም። የአገር ፍቅር በተውላጠ ስም ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ቢሆን ኖሮ፣ ቅጥያ በመርገፉ አብሮ በረገፈ ነበር።

ጅግጅጋ ራሷ ስለዚህ ጉዳይ ከሎንዶን የበለጠ የምትመሰክረው አላት። በመስከረም 1970 ዓ.ም. ከተማዋ በሶማሊያ ጦር እጅ ወደቀች፤ በየካቲት ወር በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ ጦርና በኩባ አጋሮቹ ተመለሰች። በዚያ ዘመን በሞቃዲሾ የነበረው መንግሥት ሶማልኛ ተናጋሪውን ሁሉ በአንድ «እኛ» ጠቅልሎ ይጠራ ነበር። በሶማሊያ ሰንደቅ ዓላማ ላይ ያለው ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ የዚህ ጥሪ ምልክት ነው፤ ከአምስቱ ጫፎች አንዱ በጅግጅጋ ዙሪያ ያለውን ምድር ያመለክት ነበርና። ይህ «እኛ» የጅግጅጋን ነዋሪ ሳይጠይቅ ውስጡ አስገባው። በሌላው ወገን ደግሞ ሶማልኛ የሚናገረውን ኢትዮጵያዊ ከወራሪው ጋር እያማታ በጥርጣሬ ያየ አልጠፋም፤ ይህም ነዋሪውን ሳይጠይቅ ከ«እኛ» አስወጣው። ሁለቱም ስለ እርሱ ተናገሩ፤ እርሱ ግን በየትኛው «እኛ» ራሱን እንደሚጠራ የመናገር ተራ አልደረሰውም። ከተማዋ በጦር ሁለት ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ ስትዘዋወር፣ ነዋሪዋም በተውላጠ ስም ሁለት ጊዜ ተማረከ።

ከአሥር ዓመት በኋላ በ1980 ዓ.ም. የሐርጌሳና የቡርዖ ከተሞች በሲያድ ባሬ መንግሥት በተደበደቡ ጊዜ በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረው ወደ ሐርትሼክ፣ ወደ አውበሬና ወደ ሌሎችም የጅግጅጋ አካባቢዎች ገቡ። ሐርትሼክ በአንድ ወቅት በዓለም ላይ ከነበሩት የስደተኞች ሰፈሮች ሁሉ ትልቁ እስከ መባል ደረሰ፤ የተዘጋውም በ1996 ዓ.ም. ነው። በዚህ ሰፈር አጠገብ የኖረው ነዋሪ ከስደተኛው ጋር አንድ ቋንቋ ይናገራል፣ አንድ ሃይማኖት ይከተላል፣ ብዙውም የሥጋ ዝምድና ይቆጥራል። ስለ ዝምድናው ሲነጋገሩ ስደተኛውን «ኢናጋ» ውስጥ ያስገባዋል፤ ስለ ቀበሌው የውሃ ጉድጓድ ሲከራከሩ ደግሞ በዚያው አንደበት «አናጋ» ይለዋል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ የሰው ልጅ በአንድ ጊዜ የብዙ «እኛ» አባል ነውና። ሶማልኛ ይህን እውነት በቃል ለይቶ ያስቀምጣል። ስለዚያ አካባቢ የሚጻፍ ዜና ግን «የአካባቢው ሕዝባችን» ብሎ በአንድ ቅጥያ ሊያልፈው ሲሞክር፣ ባለ አገሩንና ስደተኛውን፣ ውኃ ሰጪውንና ውኃ ተቀባዩን፣ ዘመዱንና ዜጋውን በአንድ ከረጢት ከትቶ ለአንባቢው ያቀብላል።

በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች ወሰን ላይ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ኦሮሞዎችና ሶማሌዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። የሁለቱ ክልሎች ባለሥልጣናት በአደባባይ እርስ በርስ ሲወነጃጀሉ አገር ሁሉ ሰምቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ «ሕዝባችን ተፈናቀለ» የሚል ዓረፍተ ነገር ዜና መሆኑ ቀርቶ ምሽግ ይሆናል። ከምሽጉ በዚህኛው ወገን ያለው ሰው ሐዘኑ የተነገረለት ሲሆን፣ በዚያኛው ወገን ያለው፣ እርሱም ከቤቱ የተፈናቀለው፣ ሐዘኑ የማንም አይደለም። ቀጥሎም ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ ከተማ ሰዎች ተገደሉ፣ ሱቆች ተዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ከተጎዱት መካከል ሶማሌ ያልሆኑ፣ ዳሩ ግን ከጅግጅጋ ሌላ ከተማቸው ነው የሚሉት ቦታ የሌላቸው ነበሩ። «የጅግጅጋ ሕዝባችን» በሚለው ውስጥ እነዚህ ሰዎች አሉ ወይስ የሉም? ጉዳት አድራሹስ «ከሕዝባችን» ወገን ነው ወይስ ከሌላ? ዜናው ሟቾቹን፣ የተቃጠለውን፣ የተዘረፈውን በስሙና በቦታው ቢጠራ ኖሮ ይህ ሁሉ ጥያቄ ባልተነሣ ነበር። ስም የሚጠራ ዜና ማንንም ከሐዘን አያስቀርም፤ ማንንም ከተጠያቂነት አይሸሽግም።

ሁለተኛው መከራከሪያ «‹እኛ›ን መመርመር አንድነትን መሸርሸር ነው» የሚለው ነው። የዚህ ክርክር አቅራቢዎች አንድነትን የሚሹ ሰዎች መሆናቸው አይካድም። ይሁን እንጂ አንድነት የሚጸናው አባላቱ ሲታወቁ ነው ወይስ ሳይታወቁ ሲቀር? በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት መግቢያው የሚጀምረው «እኛ» በሚለው ቃል ነው። ሆኖም ቃሉን ብቻውን አልተወውም፤ ወዲያው የኢትዮጵያ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ብሎ የ«እኛ»ን አባላት ይጠራል። ሰነዱን የሚወድም የሚነቅፍም ቢሆን ይህን አንድ ነገር ሊማርበት ይገባል፤ «እኛ» የሚል ሰው እነማን እንደ ሆኑ የመናገር ግዴታ አለበት። የአንድ አገር መሠረታዊ ሕግ ይህን ግዴታ ከተቀበለ፣ የዕለት ዜና ከግዴታው ነጻ የሚወጣበት ምክንያት አይኖርም።

ሦስተኛው መከራከሪያ «ይህ የተርጓሚው ሥራ ነው፤ ዋናውን ጸሐፊ አይመለከትም» የሚለው ነው። ከሦስቱ ሁሉ ደካማው ይህ ቢሆንም፣ ብዙውን ጉዳት የሚያደርሰው እርሱ ነው። ከበስተኋላው ያለው አስተሳሰብ አማርኛው ዜናው ራሱ፣ ሶማልኛው ደግሞ የዜናው ጥላ ነው የሚል ነው። ታሪኩ ከዚህ አስተሳሰብ ቀድሞ ሄዷል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ካስተማረባቸው 15 ቋንቋዎች አንዱ ሶማልኛ ነበር፤ ያን ጊዜ የተጻፈውም በግእዝ ፊደል ነው። ዛሬ በላቲን ፊደል የሚጻፈው ሶማልኛ የክልሉ የሥራና የትምህርት ቋንቋ ነው፤ ጅግጅጋም የራሷ የሶማልኛ ራዲዮና ቴሌቪዥን አላት። በየካቲት 2012 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ ተወስኗል። የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆን የተወሰነለት ቋንቋ የሚጠይቀውን ጥያቄ፣ ዋናው ጸሐፊ ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት ሊሰማው ይገባል። ተርጓሚው በሌሊት ተረኛነት ብቻውን የሚፈታው እንቆቅልሽ ሆኖ መቅረት የለበትም።

እንግዲህ ሊደረግ የሚገባው ግልጽ ነው። በዜናው አካል ውስጥ ጸሐፊው በራሱ አንደበት «እኛ»ም «-አችን»ም ሊል አይገባም፤ «የኢትዮጵያ መከላከያ ሠራዊት»፣ «የጅግጅጋ ከተማ ነዋሪዎች»፣ «በባቢሌ ወረዳ የሚኖሩ አርሶ አደሮች» እያለ ባለቤቱን ይጥራ። በርእሰ አንቀጽና በአስተያየት ገጽ «እኛ» ማለት የሚፈልግ ይበል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው አንቀጽ እነማን እንደ ሆኑ ያስታውቅ። የባለሥልጣንም ሆነ የገበሬ ንግግር ተጠቅሶ «እኛ» ሲመጣ፣ ጋዜጠኛው «እነማን ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅን እንደ ዕለት ሥራው ይቁጠረው፤ ተናጋሪው ሶማልኛ ተናጋሪ ከሆነም የተናገረው «እኛ» የትኛው እንደ ነበረ በአማርኛው ዜና በግልጽ ይጻፍ። ተርጓሚው ከዜናው ክፍል ኋላ የሚቀመጥ ቃል ገልባጭ መሆኑ ቀርቶ፣ ዋናው ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት «ይህ ‹እኛ› ማንን ይዟል?» ብሎ ጸሐፊውን የመጠየቅ መብት ያለው የአርትዖት ሰው ይሁን።

ካድሬው በስብሰባ ላይ «ሕዝባችን ወስኗል» ሲል ከፊቱ የተቀመጠው አድማጭ በየትኛው ጆሮ እንደሚሰማው ያስብ፤ አዳራሹ በሽንሌ ወይም በጅግጅጋ ከሆነ አድማጩ ቃሉን ወዲያው ወደ ሁለት ከፍሎ ይመረምረዋልና። መምህሩ ተውላጠ ስምን በሰሌዳ ላይ ሲያስተምር የአማርኛውን «እኛ» እና የሶማልኛውን «ኢናጋ»ና «አናጋ» ጎን ለጎን ያስቀምጥ፤ አማርኛ ተናጋሪው ተማሪ ከጓደኛው ቋንቋ የሚማረው ነገር እንዳለ በአንድ ክፍለ ጊዜ ይረዳል። ሰዓሊው፣ ጸሐፌ ተውኔቱና ዘማሪው ደግሞ የአንድነት በዓል በመጣ ቁጥር በአዝማቹ ላይ «እኛ»ን ከመደጋገም ይልቅ፣ በዚያ ቃል ውስጥ የሚገቡትን ሰዎች በመልካቸው፣ በሥራቸውና በስማቸው ወደ መድረክ ያውጣቸው። የጅግጅጋ አድማጭ መድረኩ ላይ ራሱን ካየ፣ ተርጓሚ ሳያስፈልገው «ኢናጋ» ይላል። ካላየ ግን ዜናው መቶ ጊዜ «ሕዝባችን» ቢል፣ በጆሮው የሚሰማው «አናጋ» ነው።